ከፎቶው ጥግ ያለው ስም

የጽዳት ሠራተኛዋ ማክሰኞ ረፋድ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ የራጅ ክፍሉን ኃላፊ ቢሮ ከፍታ አየችው። ሰውየው ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ተደፍቷል፤ እስክሪብቶው ከጣቶቹ አልወጣም። እንቅልፍ የጣለው መስሏት በሩን ቀስ አድርጋ መለሰችው። በዚያ ሆስፒታል ሰው ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ ማየት ብርቅ አይደለምና ማንም አይፈርድባትም። የቆሻሻ ቅርጫቱን መርሳቷ ትዝ ብሏት ከአሥር ደቂቃ በኋላ ስትመለስ ነው ደሙን ያየችው።

ኢንስፔክተሩ ወደ ላይኛው ፎቅ ሲደርስ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር። ጉልበቱ ከከዳው ሁለት ዓመት አልፎታል፤ መታየት እንዳለበት ያውቃል፣ ነገ ዛሬ ሲል ከርሟል። ጣቢያ ውስጥ «አባ ቆይ» ይሉታል፤ ሌላው ሰው ጨረስን ሲል እሱ «ቆይ እስቲ» ማለት ይወዳልና። የሚወደው እንኳ አይመስለኝም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የቸኮለ መዝገብ ተመልሶ ሲመጣበት ስላየ ነው።

አስከሬኑን ያየው ሐኪም ጓንቱን እያወለቀ፣ «ከኋላ ነው የተመታው፣ አንዴ ብቻ» አለ።

«በመዶሻ?»

«መዶሻ ሌላ ቅርጽ ነው የሚተወው። ይሄ ቀጥ ያለ ጠርዝ ነው። ጠፍጣፋና ከበድ ያለ ነገር።»

አምስት ሰዓት ላይ የካርድ ክፍሉ ጸሐፊ በስልክ አነጋግሮታል። እንግዲህ ሥራው የተሠራው በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ ነው።

ከሟቹ ክንድ ሥር አንድ ደብዳቤ ነበር፤ ፊርማው ግማሽ ላይ ቀርቷል። ሳጅኗ፣ የኢንስፔክተሩ ረዳት፣ ጎንበስ ብላ አነበበችው። ለሙያ ሥነ ምግባር ኮሚቴ የተጻፈ ነው። ቅዳሜ ዕለት በተሳሳተ የራጅ ፎቶ ምክንያት አንድ ወጣት መሞቱን ይገልጽና፣ ፎቶውን ያነሳችው ባለሙያ ከኃላፊው ቀጥሎ ያለችው አንጋፋዋ መሆኗን፣ ስሟም ከፎቶው ጥግ ላይ እንደሚገኝ ይናገራል።

«ይኸው ምክንያት ያለው ሰው ተገኘ» አለች ሳጅኗ።

«ቆይ እስቲ» አለ ኢንስፔክተሩ።

ነገሩ ግን ከእሱ ቀድሞ ሄዷል። ምድር ቤት ሲወርድ ጥበቃዎቹ አንድ ሰው አንቀው ይዘው ጠበቁት።

*

የተያዘው ሰው በያጅ ነው። ቅዳሜ የሞተው ታናሽ ወንድሙ ነበር። ልጁ ከሕንፃ ሥራ መወጣጫ ላይ ወድቆ ደረቱን ተጎዳ፤ ድንገተኛ ክፍል ራጅ ተነሳ። ቀኝ ሳንባው ነበር የተኮማተረው፤ ፎቶው ግን ኮምፒዩተር ላይ ግራና ቀኙ ተገልብጦ ወጣ። አንዲት ቁልፍ መንካት ነው የሚጠይቀው፤ ሰው በስልኩ ፎቶ እንደሚያገለብጠው ማለት ነው። የተቻኮለው ሐኪም ፎቶውን አምኖ ቱቦውን በደህናው ጎን አስገባ፤ ልጁ በአንድ ሰዓት ውስጥ አለቀ።

በያጁ ሰኞ ዕለት በኮሪደሩ ላይ «አንተን ሳልገድል አልቀመጥም» ብሎ ኃላፊው ላይ ጮኋል፤ የሰማው ሰው ብዙ ነው። ማክሰኞም አምስት ሰዓት ላይ ተመልሶ መጥቷል። ከመሣሪያ ቦርሳው ውስጥ ደግሞ ብረት የሚለካበት ስኳድራ ወጣ፤ ጠፍጣፋ፣ ከባድ፣ ጠርዙ ቀጥ ያለ።

«ለምን መጣህ?» አለው ኢንስፔክተሩ።

«ፎቶውን ልወስድ።»

«የወንድምህን?»

«አዎ። ስልኬ ላይ አድርጉልኝ ብዬ ለመንኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ነገ ና ነገ ና ሲሉኝ ነው የከረሙት። ለእናቴ ምን ብዬ ልንገራት? ምን እንደሆነ የሚያሳይ ነገር እንኳ የለኝም።»

«ወደ ላይ ወጥተህ ነበር?»

«ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሰው እያየኝ አፍሬ ወረድኩ።»

«ያየህ ሰው አለ?»

«እኔ ሰው አላየሁም ጌታዬ። እያለቀስኩ ነበር አልኩዎት እኮ።»

ይህ ለፍርድ ቤት የሚሆን መልስ አይደለም። አለቃቸው ኮማንደሩ የሰማ ጊዜ እጁን አፋተገ። ስኳድራው ላይ ደም አልተገኘም ቢሉት፣ «አጥቦታላ» አለ፤ መዝገቡም ዓርብ ለዐቃቤ ሕግ እንዲላክ አዘዘ።

የበያጁ እናት ከጣቢያው በር አልጠፋችም። ማክሰኞም ረቡዕም ግንቡን ተደግፋ ተቀምጣ ነበር። ኢንስፔክተሩ በወጣ በገባ ቁጥር ብድግ ትላለች።

«ልጄ፣ አንዱን እሁድ ቀበርኩት» አለችው ረቡዕ ማታ ወደ ቤቱ ሲሄድ። «ይሄኛውን ደግሞ እናንተ ልትቀብሩብኝ ነው?»

«ገና እያጣራን ነው እናቴ። ብርድ ነው፣ ቤትዎ ይግቡ።»

«ቤት ማን አለኝና ነው?»

አንጀቱን በላችው። መኪናው ውስጥ ገብቶ ሞተሩን አስነሳ።

*

አንጋፋዋን የራጅ ባለሙያ ሆስፒታሉ በሙሉ «ትልቋ» ነው የሚላት። ሃምሳ ዓመቷን የያዘች፣ ጋውኗ የተተኮሰ፣ ጥፍሯ በአጭሩ የተቆረጠ ሴት ናት። ኢንስፔክተሩ ማክሰኞ ከሰዓት ያነጋገራት ምድር ቤት ባለው ክፍል ሁለት ውስጥ ነበር። እያናገራት እንኳ አንዲት ሕመምተኛ ልጅ አነሳች፤ ትንሽዬ የብረት ፊደል ከኪሷ አውጥታ ከልጅቷ ክርን አጠገብ አስቀመጠች፣ መስተዋቱ ጀርባ ሄዳ ቁልፉን ተጫነች፣ ፊደሏንም መልሳ ኪሷ ከተተች።

«ደብዳቤውን ያውቁት ነበር?» አላት።

«ሊጽፍ እንደሆነ ነግሮኛል።»

«ተናደዱ?»

«ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ፈቃዴን ሊያስነጥቀኝ ነው። እርስዎ ቢሆኑ ምን ይሰማዎታል?»

«ከአምስት እስከ አምስት ተኩል የት ነበሩ?»

«እዚሁ ክፍል ሁለት። ሰው እያነሳሁ።»

ወደ ኮምፒዩተሩ ዞራ አሳየችው። አምስት ከአምስት አንድ እጅ፣ አምስት ከሩብ አንድ ደረት፣ አምስት ከሃያ አምስት አንድ ቁርጭምጭሚት። ከሦስቱም ፎቶ ጥግ ላይ ሰዓቱና ያነሳው ሰው ስም አለ፤ ስሙም የእሷ ነው። የሟቹ ቢሮና ክፍል አንድ ያሉት ላይኛው ፎቅ ነው። በሕመምተኛና በሕመምተኛ መካከል ደረጃውን ወጥቶ፣ ሰው ገድሎ መመለስ አይቻልም።

ሳጅኗ ለሦስቱም ሕመምተኞች ደወለች። የሁለቱ ስልክ አልሠራም። ሦስተኛው ባለ ቁርጭምጭሚቱ ሽማግሌ ነበሩ፤ «ነጭ የለበሰ፣ አፉን የሸፈነ ሰው ነው ያነሳኝ። እዚያ ቤት ሁሉም ነጭ ለብሶ አፉን ይሸፍናል» ብለው ስልኩን ዘጉባት።

«እሷ ነፃ ናት» አለች ሳጅኗ። «ማሽን አይዋሽም።»

ኢንስፔክተሩ የሦስቱን ፎቶ ሰዓት ማስታወሻው ላይ ጻፈ። አንድ ነገር ግን ከነከነው። ትልቋ ስለ ደብዳቤው ሁሉንም ተናግራለች፤ ያንን የተገለበጠ ፎቶ አላነሳሁም ብላ ግን አንድም ጊዜ አልካደችም።

*

ቀጥሎ ዐይኑ ያረፈው በሌላው ባለሙያ ላይ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ወፍራም መነጽር ያደርጋል፣ ቆሞ ይተኛል ነው የሚሉት። ጠዋት እዚህ፣ ከሰዓት ሌላ ክሊኒክ ይሠራል። ማክሰኞ በዚያች ግማሽ ሰዓት የት እንደነበር ሲጠየቅ «ዕቃ ግምጃ ቤት ወረቀት ሳመጣ ነበር» ብሏል። ሳጅኗ ሄዳ ስታጣራ የግምጃ ቤቱ ሠራተኛ በዚያ ቀን ከነቁልፉ ቀርቶ ነበር። ሰውየው ዐይኑን በጨው አጥቦ ዋሽቷቸዋል።

«ይሄ ነው ሰውየው» አለች ሳጅኗ ሐሙስ ጠዋት። «ምክንያቱ ባይታወቅም።»

«ቆይ እስቲ። አንቺ ትልቋን ጣቢያ ጠርተሽ ቃሏን በጽሑፍ ተቀበያት፤ ለመዝገቡ ያስፈልጋል። እኔ ከእሱ ጋር ብቻዬን ላውራ።»

አራት ሰዓት ላይ ሆስፒታል ደረሰ። ባለ መነጽሩ ላይኛው ፎቅ ነው ያለው ሲሉት ደረጃውን ጀመረ። አጋማሹ ላይ ጉልበቱ ቀጭ አለና መደገፊያውን ይዞ ቀረ። ባለ መነጽሩ ከላይ አይቶት ሮጦ ወረደ፤ ደግፎም ክፍል አንድ አስገባው።

«እስቲ ላንሳዎት ጌታዬ፤ አሁን ወረፋ የለም።»

«እኔ የመጣሁት ልጠይቅህ ነው።»

«እያነሳሁዎት ይጠይቁኛል። ሱሪዎን ከፍ ያድርጉ። አይንቀሳቀሱ።»

ሠላሳ ዓመት ሲመረምር እንዲህ ያለ ምርመራ ገጥሞት አያውቅም፤ ተጠርጣሪው አይንቀሳቀሱ ሲለው እሱ ፀጥ አለ። ሰውየው ካሴት የሚሉትን ከበድ ያለ ጥቁር ሰሌዳ ከጉልበቱ ሥር አኖረ፤ ፎቶውን የሚቀበለው ይህ ነው። ሲጨርስም ምስሉን በስልኩ አንስቶ ላከለት። በዚያ ቤት ሐኪሙም ሕመምተኛውም ፎቶ የሚያየው በስልክ ነው።

ኢንስፔክተሩ መነጽሩን አድርጎ አየው። የራሱን አጥንት ተበልቶ አየና ደከመው። ከዚያ በምስሉ ላይ ከዳር እስከ ዳር የተሰመረች ቀጭን ነጭ መስመር አየ።

«ይቺ ደግሞ ምንድን ናት? ስብራት?»

«የለም፣ የእርስዎ አይደለችም። ካሴቱ ነው። አንድ ቦታ ተመቷል መሰለኝ፣ በሁሉም ሰው ላይ ትወጣለች።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከማክሰኞ።»

ኢንስፔክተሩ ካሴቱን አነሳው። ጠፍጣፋ ነው፣ ይከብዳል። ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው፤ አንዱ ማዕዘን ላይ ቀለሙ ተልጧል። ቀስ አድርጎ አልጋው ላይ መለሰው።

«ማታ ማታ የት ነው የሚቀመጠው?»

«ባትሪው ሲያልቅ ኃላፊው ቢሮ ነው የምንሞላው። ቻርጀሩ እንዳይሰረቅ ብለን...» ሰውየው ራሱ ዐረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ፊቱ ዐመድ መሰለ።

ኢንስፔክተሩ ስልኩን እንደገና ተመለከተ። ከጉልበቱ ምስል ጥግ ላይ ሰዓቱ ነበር፤ አራት ከሃያ። ከሥሩ ያነሳው ሰው ስም አለ። የትልቋ ስም ነው።

ሳጅኗ ጋ ደወለ።

«ትልቋ የት ናት?»

«ከፊቴ ተቀምጣለች። ሻይ አዝዤላት እየጠጣች ነው። ምነው?»

«ከስንት ሰዓት ጀምሮ?»

«ከሦስት ተኩል።»

«እንዳትለቂያት» አለና ዘጋው። ከዚያ ወደ ባለ መነጽሩ ዞረ። «ቁጭ በል። አሁን እውነቱን አውጣ።»

ሰውየው ሆዱ ውስጥ የያዘውን ዘረገፈው። ትልቋ ሁልጊዜ ጠዋት ቀድማ ገብታ ሁለቱንም ኮምፒዩተር በራሷ ፓስወርድ ትከፍታለች። ከዚያ በኋላ እስከ ማታ ዘግቶ የሚከፍት የለም። ዘግቶ መክፈት አሥር ደቂቃ ይፈጃል፤ ውጪ ሰው ያቃስታል። ስለዚህ ማንም ያንሳው ማን፣ የሁሉም ፎቶ በእሷ ስም ይወጣል። እሱ ደግሞ የሙያ ፈቃዱ ካለፈበት ስምንት ወሩ ነው፤ አላሳደሰውም። ሕመምተኛ ነካሁ ካለ ሥራው አለቀለት።

«ማክሰኞ ክፍል ሁለት ውስጥ ሦስቱን ሰዎች ያነሳኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ለምን አልተናገርክም?»

«ማን ጠየቀኝ ጌታዬ? የት ነበርክ አላችሁኝ። ማን አነሳቸው ያለኝ የለም። ኮምፒዩተሩ ነግሯችኋላ።»

«የቅዳሜውንስ? የሞተውን ልጅ?»

«በእናቴ እምላለሁ፣ ቅዳሜ ሌላኛው ክሊኒክ ነበርኩ። ከሰዓት በኋላ ተረኛ የነበሩት ኃላፊውና እሷ ብቻ ናቸው።»

*

ጣቢያ ሲመለስ እናትየው ከግንቡ ሥር ብድግ አለች። እጁን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጎ «ትንሽ ይታገሱኝ» አላትና አለፈ። እግሩን ይጎትት ነበር።

ትልቋ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ሳጅኗ የጻፈችው ቃል ከፊቷ ነበር፤ ገና አልፈረመችም። ኢንስፔክተሩ ከሆስፒታሉ ያሳተማቸውን ወረቀቶች በደረቱ ይዞ ተቀመጠ። የጉልበቱን ምስል ሊያሳያት ይችል ነበር፤ ነገሩ በዚያች ያልቅ ነበር። ግን ስልኩን ከኪሱ አላወጣም። አንድ ነገር ከራሷ አፍ መስማት ፈልጓል፤ ከመዝገቡ ይልቅ ለገዛ ሕሊናው።

መጀመሪያ የቅዳሜውን ፎቶ ብቻ አስቀመጠላት። የተገለበጠው ደረት ነው፤ ከጥጉ ላይ ስሟ በጉልህ ይነበባል።

«ይቺን ማን አነሳት?»

ትልቋ ወረቀቱን አየችው እንጂ አልነካችውም። ሳጅኗ ነገሩ አልገባትም ነበር፤ አንዴ እሱን አንዴ እሷን ታያለች። ለትልቋ ግን ገብቷታል። እኔ ነኝ ካለች የማክሰኞዎቹ ሦስት ፎቶዎችም የእሷ ሆነው ይቀራሉ፤ ፈቃዷን ተነጥቃ ወደ ቤቷ ትሄዳለች፤ በያጁም ወህኒ ይወርዳል። እኔ አይደለሁም ካለች ደግሞ በስሟ ሌላ ሰው እንደሚያነሳ ተናገረች ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ማክሰኞ የት ነበርሽ ይመጣል።

ወረቀቱን አነሳችው። ወደ መስኮቱ አዙራ እንደ ባለሙያ አየችው፤ ወዲያው ፊቷ ተለዋወጠ። የተናደደች ትመስል ነበር።

«እዩት» አለች። «ይሄ 'ቀኝ' የሚለው በኮምፒዩተር የተጻፈ ነው። ፎቶው ከተነሳ በኋላ ነው የተለጠፈው። እኔ የብረት ፊደሌን አብሬ ሳላነሳ ሰው አንስቼ አላውቅም። ብረት አብሮ ሲነሳ፣ ፎቶው ቢገለበጥ ፊደሉም አብሮ ስለሚገለበጥ ማንም ያውቀዋል። ሃያ ሁለት ዓመት! አንድ ቀን እንኳ አልረሳሁም።»

«ስለዚህ?»

«ይቺን እኔ አላነሳኋትም።»

ኢንስፔክተሩ የማክሰኞዎቹን ሦስት ወረቀቶች አወጣ። ገና ጠረጴዛው ላይ ሳያሳርፋቸው፣ ሳትመለከታቸው ተናገረች።

«እነሱንም አላነሳኋቸውም።»

ሳጅኗ እስክሪብቶዋን ጣል አደረገችው።

«ቅዳሜ ያነሳው ኃላፊው ነው» አለች ትልቋ። ድምፅዋ ደከም ብሎ ነበር። «ሰው ስለበዛብን አገዘን። ፊደል አያስቀምጥም፣ ሁልጊዜ እነግረዋለሁ። ማክሰኞ ካሴቱን ቻርጅ ላደርግ ቢሮው ገባሁ። ደብዳቤውን አነበበልኝ። 'አንተ ነህ እኮ ያነሳኸው' አልኩት። 'አውቃለሁ፣ ግን ስሙ ያንቺ ነው፣ እኔ ምን ላድርግ?' አለኝ። እንደዚያ ነው ያለኝ። ከዚያ ሊፈርም ጎንበስ አለ።»

«ከዚያስ?»

«ካሴቱ እጄ ላይ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«በአልኮል ጠረግኩት። ክፍል አንድ በር ላይ ሰባት ሰው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ገብቼ ሥራዬን ቀጠልኩ።»

«የበያጁን መታሰር ሰምተዋል?»

«እናትየውን ዛሬ ስገባ በር ላይ አየኋት።» ለመጀመሪያ ጊዜ ዐይኗ እንባ አቀረረ። «ነገ እናገራለሁ፣ ነገ እናገራለሁ ስል ሦስት ቀን ሆነኝ። ስናገር ደግሞ ሰው ሁሉ ያንን ልጅ የገደልኩት እኔ እንደሆንኩ አምኖ ይቀራል ብዬ ፈራሁ። በዚያ ከምጠራ ነፍሰ ገዳይ ልባል። ይሄ የእኔ ነው፤ ያኛው የእኔ አይደለም።»

ኢንስፔክተሩ ብዙ የእምነት ቃል ሰምቷል። እንዲህ ዓይነቱን ግን አልሰማም። አዘነላት፤ ደግሞ ተናደደባት። ለአንዲት ፎቶ ሦስት ቀን የተጨነቀች፣ ከግንቡ ሥር ለተቀመጠችው ሴት ግን አንድ ቀን ያልደረሰች።

«ሳጅን፣ አዲስ ወረቀት አውጪ» አለ።

«ከየት ልጀምር?»

«መጀመሪያ የፎቶውን ጻፉልኝ» አለች ትልቋ። «ሌላው ከሥር ይሁን።»

ኢንስፔክተሩ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ሳጅኗ ጻፈች፤ እሱ በያጁን ለማስፈታት ወጣ። እናትየው ልጇን አቅፋ አልቅሳ ሳታበቃ ቀና ብላ፣ «ታዲያ የትንሹን ልጄን ፎቶ ያበላሸው ማነው?» አለችው።

«እሱ ሞቷል እናቴ።»

«ማንም አልነገረኝም» አለች። «እዚያ ሆስፒታል ማንም ምንም አልነገረኝም።» ልጇ ክንዷን ይዞ ወሰዳት።

ወደ ክፍሉ ሲመለስ ቃሉ ተጽፎ አልቋል። ሁለት ጊዜ አነበበውና ለትልቋ አቀበላት። እሷ በጣቷ እየተከተለች ቀስ ብላ አነበበች፤ ሁለተኛው መስመር ላይ ስትደርስ ቆመች።

«እዚህ ጋ ተሳስታችኋል» አለች። «የልጁ የተጎዳው ሳንባ ግራ ነው ብላችሁ ጽፋችኋል። ቀኝ ነው።»

ሳጅኗ አንገቷን ደፋች። ቃሉን ሰርዛ ከላዩ ላይ አስተካክላ ጻፈች። ትልቋ እርማቱን አይታ ከሥሩ ፈረመች። ኢንስፔክተሩ ሁለት ጊዜ አንብቦት ነበር፤ አላየውም።